«ዋርፋሪኑን ትተን ከውጭ በተላከልን ክኒን እንቀይርላት?» ለአንድ የልብ ታካሚ ቤተሰብ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አጋሮ ነው። የ24 ዓመት እህቴ ጅማ የልብ ክትትል አላት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ በሩማቲክ ሕመም ምክንያት ሚትራል ቫልቭዋ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) ጠቦ 1.1 ሴንቲ ሜትር ካሬ እንደደረሰ፣ ኢሲጂ ላይ ደግሞ የልብ ምቷ የተዛባ (ኤትሪያል ፊብሪሌሽን) እንደሆነ ተነግሮናል። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ)፣ ዲጎክሲንና ሜቶፕሮሎል (የልብ ምት የሚያዘገዩ)፣ ፉሮሴማይድም (ውሃ የሚያሸና) ትወስዳለች። በየ4 ሳምንቱም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። ለአይ ኤን አር ምርመራ (ደሟ ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) ጅማ መመላለሱ አድክሞናል፤ ውጤቱም አንዴ 1.4፣ አንዴ 3.8 እየሆነ አልረጋ አለ። ውጭ አገር ያለው አጎታችን የምት መዛባት ስላለበት ሪቫሮክሳባን የተባለ ሌላ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል፤ ‹ምርመራ አያስፈልገውም› ብሎ የ3 ወር ልኮልናል። እንቀይርላት? ደም ማቅጠኛ እየወሰደች መርፌ መወጋቷስ አያሰጋም?»

አይቀይሩላት። ሪቫሮክሳባን መጥፎ መድኃኒት ሆኖ አይደለም፤ ለአጎትዎ በትክክል የታዘዘ ሊሆን ይችላል። የሁለቱ የምት መዛባት ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ምንጩ ይለያያል። እንደ እህትዎ ባሉ ሕሙማን ላይ ሁለቱ መድኃኒቶች ጎን ለጎን ሲፈተኑ ብዙ ሰው በሕይወት ያቆየው ዋርፋሪን ነው።

የአጎትዎ ዓይነቱ የምት መዛባት አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜና ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ ነው። የእህትዎን ያመጣው ግን የቫልቩ መጥበብ ነው። ጤነኛ ሚትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሰፋል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ሲሆን ከባድ ጥበት ይባላል። በ1.1 ላይ ደሙ ወደ ታችኛው የልብ ክፍል እንደልብ መውረድ ስለማይችል የላይኛው ግራ ክፍል ይለጠጣል፣ መኮማተሩን ትቶ ይርገበገባል፣ ደሙም እዚያው ቆሞ ይረጋል። ስትሮክ የሚያመጣው ከዚያ ተቆርሶ ወደ አንጎል የሚሄደው የረጋ ደም ነው። ሌላ ሕመምተኛ ላይ ደም ማቅጠኛ ያስፈልግ እንደሆነ በዕድሜ፣ በስኳር፣ በደም ግፊትና በመሳሰሉት ነጥብ ይሰላል። መካከለኛ ወይም ከባድ የሚትራል ጥበት ከምት መዛባት ጋር ሲገጥም ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ በ24 ዓመትም ቢሆን ይጀመራል።

አዳዲሶቹን ክኒኖች (ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ኤዶክሳባን) ያስተዋወቁት ትልልቅ ጥናቶች መካከለኛና ከባድ የሚትራል ጥበት ያለባቸውን ሰዎች ከመጀመሪያውም አላስገቡም። «ከዋርፋሪን አይተናነስም፣ ምርመራም አይፈልግም» የሚለው ዝና የመጣው እህትዎን ከማይመስሉ ሰዎች ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ነው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች፣ ሩማቲክ የልብ ሕመማቸው በኢኮ የተረጋገጠና የምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች ገቡበት። የ4,531 ሰዎች ውጤት ተተነተነ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 50 ገደማ ሲሆን ከ10ሩ 7ቱ ሴቶች ነበሩ። ግማሹ በቀን 20 ሚሊ ግራም ሪቫሮክሳባን (ኩላሊቱ የደከመ 15)፣ ግማሹ ዋርፋሪን ወይም የዋርፋሪን ዘመዶች ተሰጠው። ስትሮክ፣ ሌላ አካል ላይ የደም ሥር የሚዘጋ የረጋ ደም፣ ሃርት አታክ፣ ወይም በልብና በደም ሥር (ወይም ባልታወቀ ምክንያት) ሞት የደረሰባቸው በሪቫሮክሳባን በኩል ከ2,275 ሰዎች 560፣ በዋርፋሪን በኩል ከ2,256 ሰዎች 446 ሆኑ። ከባድ የደም መፍሰስ 40 ለ56 ነበር፤ ይህ በስታቲስቲክስ ልዩነት ተብሎ የሚያዝ አይደለም። ልዩነቱን በዋናነት የፈጠረው ሞት ነው፤ እሱም በድንገተኛ ሞትና በልብ ድካም በኩል የመጣ።

ከዚህ ጥናት ለእናንተ በጣም የሚጠቅመው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ዋርፋሪን በሚወስዱት መካከል አይ ኤን አሩ ከ2 እስከ 3 ውስጥ የተገኘው ከሦስት እጅ አንዱ ብቻ ነበር፤ በኋላም ከ56 እስከ 65 በመቶ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ዋርፋሪን የተሻለ ሆኖ የተገኘው በተዋጣለት ክትትል አይደለም፤ እንደኛው ዓይነት በሚንገዳገድ ክትትል ነው። አንዱ ማብራሪያ፣ በየወሩ ለምርመራ የሚመጣ ሰው ሐኪም ዓይን ውስጥ ስለሚገባ እግሩ ሲያብጥ ወይም ትንፋሹ ሲያጥር ቶሎ ይታያል የሚል ነው። የአሜሪካ የ2023 እና የአውሮፓ የ2024 የምት መዛባት መመሪያዎችም ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ ዋርፋሪንን ነው የሚመክሩት። ቫልቩ በብረት ቫልቭ ለተተካለት ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል፤ አዳዲሶቹ ክኒኖች ጭራሽ ክልክል ናቸው። በ2013 የታተመው የዳቢጋትራን ሙከራ ደም መርጋትም ደም መፍሰስም ስለበዛ ከጊዜው በፊት ቆሟል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የ3 ወር ክኒን ማለት በ4ኛው ወር የሌለ ክኒን ማለት ነው። የሪቫሮክሳባን ሥራ ከመጨረሻው ክኒን በኋላ በአንድ ቀን ገደማ ይጠፋል፤ የዋርፋሪን ግን ለቀናት ይቆያል። ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር የሚያልፈው ሳምንት ስትሮክ የሚመጣበት ሳምንት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስጀመር፣ ወይም «ዋርፋሪኑ ሲያልቅ በዚያኛው እንሸፍን» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ቀደም ብላ ጀምራው ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙት፤ ሁለቱንም ካርቶን ይዛ በዚያው ቀን ወደ ክትትል ክፍሏ ትሂድ። ወደ ዋርፋሪን መመለስ ጥቂት ቀን መደራረብ ይፈልጋል፤ ሪቫሮክሳባን ራሱ አይ ኤን አሩን ስለሚያዛባ ናሙናውም የሚወሰደው የሚቀጥለው ክኒን ከመዋጡ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። 1.4 እና 3.8 የሚመላለሰው ለምንድን ነው? የእሷ ግብ ከ2 እስከ 3 ነው። ከ2 በታች ጥበቃው ይላላል፤ ከ4 ወዲያ የደም መፍሰስ አደጋው በፍጥነት ይወጣል። መጠኑን ከመነካካት በፊት ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን ያጣሩ። ናሙናው የሚወሰደው ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) ቱቦ ነው፤ እስከ ምልክቱ ካልሞላ ሲትሬቱ ለደሙ ይበዛና ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። የደም ሥሯ በቀላሉ የማይገኝ ሴት ላይ ይህ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ናሙናው ከወረዳ ወደ ከተማ የሚላክ ከሆነ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ መክተት አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያበላሸዋል። ላብራቶሪው በሰከንድ ብቻ ጽፎ ከሰጠ አይ ኤን አሩ እንዲሰላ ይጠይቁ፤ የአንዱ ላብራቶሪ ሰከንድ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። በተቻለ መጠን አንድ ቦታ ብቻ ያስመርምሩ።

ቁጥሩ እውነት ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የክኒኑ አወሳሰድ ነው። ዋርፋሪን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን ምርመራ ከተሠራ ሐኪሙ ያስተካከለውን መጠን በዚያው ምሽት መጀመር ይቻላል። የረሳችው በዚያው ቀን ትዝ ካላት ትውሰድ፤ በማግስቱ ከሆነ ግን ይለፍ፣ ሁለት አይደረብም። የተሰበረ ክኒን ግማሹ ከግማሹ እኩል ካልሆነ መጠኑ ይዋዥቃል፤ ፋርማሲዎች የሚሸጡት ትንሽ የክኒን መቁረጫ ከምላጭ ይሻላል። አዲስ ካርቶን በገዛችሁ ቁጥር ክኒኑ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ ያንብቡ፤ ቀለሙ በአምራቹ ይለያያልና ቀለም አይታመንም።

መጠን ሲስተካከል የሚታሰበው በሳምንት ድምር ነው። በቀን 5 ሚሊ ግራም ማለት በሳምንት 35 ነው። አይ ኤን አሩ 1.6 ሆኖ የተረሳ ክኒን ከሌለ ድምሩን ከ5 እስከ 15 በመቶ ከፍ ማድረግ ይበቃል፦ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ 7.5፣ በሌሎቹ ቀናት 5፤ ድምሩ 40 ይሆናል፣ 14 በመቶ ጭማሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 1.4 ሲመጣ ተደናግጦ በየቀኑ 7.5 ይደረጋል (50 በመቶ ጭማሪ!)፣ ከሳምንት በኋላ 3.8 ይመጣል፣ እንደገና ተደናግጦ ይቆረጣል፣ ወደ 1.4 ይመለሳል። የእህትዎ ቁጥሮች የዚህ ዓይነት ማሳደድ ይመስላሉ፤ ያለፉትን መጠኖች ከውጤቶቹ አጠገብ በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ብታዩ ይገለጥላችኋል። ለውጥ ከተደረገ በኋላ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በ2ኛው ቀን አስመርምሮ መደምደም ከንቱ ነው። 3.8 ራሱ፣ ደም ካልፈሰሰ፣ በአብዛኛው አንድ ቀን ዘሎ ወይም ሳምንታዊ ድምሩን በጥቂቱ ቀንሶ የሚያልፍ ነው። ቁጥሩን መወሰን የክትትል ሐኪሟ ነው፤ እናንተ ግን ጭማሪው በመቶ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው መደባለቂያ ሌላ መድኃኒት ነው። ያለ ማዘዣ በቀላሉ የሚገዙት ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ጭምር አይ ኤን አሩን ያንራሉ። ከእነዚህ አንዱ የግድ ከታዘዘላት ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ትመርመር። ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው የዋርፋሪን ፍላጎቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊወጣ ይችላል። አደገኛው ጊዜ ደግሞ ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ ነው፤ ዋርፋሪኑ ካልተቀነሰ በሚቀጥሉት ሳምንታት አይ ኤን አሩ ይተኮሳል። (በነገራችን ላይ ሪፋምፒሲን ሪቫሮክሳባንንም ያደክማል፤ በመቀየር የሚመለጥ አይደለም።) ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ሲቆዩ አይ ኤን አሩን ዝቅ ያደርጋሉ። ለራስ ምታትና ለወገብ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፒሪን አይሆንም፤ ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ ለጥቂት ቀን ይሻላል። ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ ቅጠል ተጨምቆ ሲጠጣ መጠኑ የማይታወቅ ስለሆነ ይቅርባት።

ምግብን በተመለከተ «ጎመን አትብላ» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው ዋርፋሪንን ይገፋሉ፤ ችግሩ ግን መብላቷ ሳይሆን አንድ ወር በየቀኑ፣ ሌላ ወር ምንም አለመብላቷ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ ይበዛል፣ ሲፈታ ይጠፋል፤ ረመዳን ላይ ደግሞ የምግቡ ሰዓትም መጠኑም ይለወጣል። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አንድ ተጨማሪ ምርመራ ያስይዙ። ረመዳን የምትጾም ከሆነ ዋርፋሪኑ ከአፍጥር በኋላ ይሆናል፤ ፉሮሴማይድና ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ግን አብረው ስለማይሄዱ ስለዚያ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ጫት የልብ ምትን ያፋጥናል። ጠባብ ቫልቭ ላይ ምት ሲፈጥን ልብ የሚሞላበት ጊዜ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሜቶፕሮሎሉ እየጎተተ ጫቱ እየነዳ የሚኖር ሰው አይሻለውም፤ ይህን ጅማ ላይ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሲኒ ቡና ግን ችግር የለውም።

ሐኪሞች ራሳቸው የሚዘነጉት ምክንያትም አለ፦ የልብ ድካሙ ራሱ። ጉበት ደም ሲቋጥር የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችን ማምረቱ ይቀንስና ዋርፋሪኑ ሳይለወጥ አይ ኤን አሩ ይወጣል። ፉሮሴማይድ ሲጨመርና እብጠቱ ሲወርድ አይ ኤን አሩም ይወርዳል። 3.8 በመጣበት ሳምንት እግሯ አብጦ፣ ክብደቷ ጨምሮ፣ የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ ነበር? ከነበረ መስተካከል ያለበት ዋርፋሪኑ ብቻ አይደለም።

ወደ መርፌው ልምጣ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቫልቩን የጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳያገረሽ የሚከለክል ነው። ዩጋንዳ ውስጥ በተደረገውና በ2022 በታተመው ጎል በተባለ ጥናት፣ ምልክት ያላሳዩ ነገር ግን በኢኮ ሕመሙ የተገኘባቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆች መርፌውን በየ4 ሳምንቱ ሲወጉ ለ2 ዓመት የባሰባቸው ከ399 ውስጥ 3 ብቻ ነበሩ፤ ካልተወጉት 400 ግን 33። ጥናቱ ገና በጅማሬ ላይ ስላሉ ልጆች ነው እንጂ ስለ እህትዎ አይደለም፤ የመርፌው ጉልበት ግን ከእሱ ይታያል።

ዋርፋሪንና መርፌው አብረው መሄድ ይችላሉ። አይ ኤን አሩ በግቡ ውስጥ እስካለ ጡንቻ ውስጥ ደም መፍሰስ ብርቅ ነው፤ ከግቡ በላይ ከሆነ ቁጥሩ እስኪወርድ መርፌው ጥቂት ቀን ይዘገያል። ከዚህ የሚከተለው ምልልሱንም የሚያቀልል ነው፦ ሁለቱን ቀጠሮ በየ4 ሳምንቱ በአንድ ቀን ያድርጓቸው። ጠዋት አይ ኤን አር፣ ውጤቱ ታይቶ መርፌ፣ ከዚያ ወደ አጋሮ። ቁጥሩ እስኪረጋ በመካከል በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንድ መጨመሩ አይቀርም፤ ከረጋ በኋላ በየ4 ሳምንቱ ይበቃል። ከተወጋች በኋላ ቦታውን ለ5 ደቂቃ ያህል አጥብቆ መጫን እንጂ ማሸት የለም። መጠኑ ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ ዱቄቱ በደንብ ካልተበጠበጠ መርፌውን ይዘጋል፤ ቀስ ተብሎ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይገፋል።

መርፌውን በተመለከተ ያለብኝ ስጋት ሌላ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከመርፌው በኋላ ከተመዘገቡት ሞቶች ብዙዎቹ የፔኒሲሊን አለርጂ ሳይሆኑ፣ ሕመሙና ፍርሃቱ የደም ግፊትና የልብ ምት በድንገት እንዲወድቁ አድርገው የተዳከመ ልብ ያልቻላቸው እንደሚመስሉ ተገልጿል። ከባድ የሚትራል ጥበት ያለበት ሰው ከዚህ ምድብ ውስጥ ነው፤ ለእንደነዚህ ያሉት በመርፌው ፋንታ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን (ፔኒሲሊን ቪ 250 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ) እንዲታሰብ ይመክራል። 1.1 ያላት እህትዎ ይህን ጥያቄ ለሐኪሟ ማቅረብ መብቷ ነው። ክኒኑ የሚሠራው ግን በየቀኑ ሳይጓደል ከተዋጠ ብቻ ነው። በመርፌው ከቀጠለች በልታና ውሃ ጠጥታ ትምጣ፣ ተኝታ ትወጋ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ተኝታ ትቆይ። ገርጥታ፣ አልቧት፣ ምቷ ቀንሶ ከደከመች እግሯን ከፍ አድርጎ ማስተኛት ነው፤ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠትና ሲርሲርታ ያለው ትንፋሽ ከመጡ ግን አለርጂ ነው፤ ወዲያው አድሬናሊን 0.5 ሚሊ ግራም ጭን ላይ ይሰጣል። መርፌው አድሬናሊን በሌለበት ክፍል አይወጋ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ላንሳ፤ 24 ዓመቷ ነው። ዋርፋሪን ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ጽንስን ይጎዳል፤ በተለይ በቀን ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን። ሪቫሮክሳባንም ለእርጉዝ አይሰጥም። በዚህ ላይ እርግዝና የደሙን መጠን ከ40 በመቶ በላይ ስለሚጨምር 1.1 የሆነ ቫልቭ ሳንባዋን በውሃ ሊሞላው ይችላል። ቫልቩ ሳይታከም ማርገዝ የለባትም። መከላከያ ስትመርጥ ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን ደም ስለሚያረጋ ይቀራል፤ በክንድ የሚቀበረው ይመረጣል። ወር አበባዋ ከዘገየ ደግሞ በዚያው ሳምንት ምርመራ ይደረግ።

ሪቫሮክሳባን የሚታሰብበት ቦታ ጨርሶ የለም አልልም። አይ ኤን አር በምንም መንገድ መሥራት የማይቻልበት ሩቅ ቦታ ያለ ሰው ላይ፣ ሐኪም አመዛዝኖ ምንም ከሌለ ይሻላል ብሎ ሊያዝ ይችላል። አስፒሪን ግን ለዚህ ምትክ አይሆንም። አጋሮና ጅማ መካከል ያለው ወደ 45 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አድካሚ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም።

አይ ኤን አሩ እንዲረጋ አጥብቄ የምናገርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። 1.1 ላይ ያለ ቫልቭ በክኒን ብቻ አይኖርም። ቅርጹ ከፈቀደ፣ ማለትም ብዙ ካልደነደነና ደም ወደ ኋላ የሚያፈስሰው ጥቂት ከሆነ፣ በብሽሽት የደም ሥር በሚገባ ፊኛ ሊከፈት ይችላል፤ ካልፈቀደ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል ወይም ይተካል። ፊኛው ከመግባቱ በፊት በጉሮሮ በኩል በሚሠራ ኢኮ የላይኛው ግራ ክፍል ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ ይረጋገጣል። ከተገኘ ሥራው ለወራት ይተላለፋል፤ በእነዚያ ወራት የሚፈለገው ደግሞ ሳይወርድ የቆየ አይ ኤን አር ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ለፊኛ ትሆናለች ወይ? ሪፈሩ መቼ ይጻፋል?» ብለው ይጠይቁ፤ የኢኮውን ወረቀት፣ ያለፉትን 6 ወራት የአይ ኤን አር ውጤቶች ከነመጠናቸውና የምትወስዳቸውን ክኒኖች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። እስከዚያው ፊቷ ቢጣመም፣ አንድ ወገኗ ቢዝል ወይም ንግግሯ ቢተሳሰር፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር፣ ጭንቅላቷን ብትመታ ወይም ደም ቢያስላት ቀጠሮ አይጠበቅም። የመጨረሻው ከጠባቡ ቫልቭም፣ ከዋርፋሪኑም፣ ከቲቢም ሊመጣ ስለሚችል ከአይ ኤን አሩ ጋር አክታና የደረት ራጅም ይታይላት።